በሞቴ ባዩና ሟቹ

የወሎን ደግ አብሊነት ያላደነቀ ሰው ድንኳናችን ደርሶ አያውቅም። ሆድ ልክ አለው የሚሉትን ሐኪሞች በአንድ «በሞቴ» አፋቸውን ያስያዝን ሕዝብ ነን።

ባለፈው ሰሞን ደሴ ላይ በተደገሰ ሠርግ ይህን ጀግንነት በዓይኔ አየሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ «ስኳር አለብኝ» አሉ። አስተናጋጇ ብርዙን እየቀዳች፣ «ኧረ ጋሼ፣ ስኳር መች ገባበትና! የአገር ቤት ማር ነው» አለቻቸው። ምን ይመልሱ? ጠጡ። የሙሽራው አጎት ደግሞ «አፈር ስሆን» ብሎ በድፎ ዳቦ አጎረሳቸው። አንድ ጉርሻ ያጣላልና ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛው ለሙሽራው፤ አራተኛው የሙሽሪት ወገን እንዳይከፋው፤ አምስተኛው «በእናቴ አጥንት» ተብሎ። (እናትየው ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ዶሮ ወጣቸውን ይበላሉ።) በስድስተኛው ሽማግሌው አፋቸውን በእጃቸው ሊከልሉ ሲሞክሩ፣ ከኋላ የመጡ አንዲት አክስት እጃቸውን ያዙላቸው። ፎቶ አንሺው ሳይቀር ካሜራውን አስቀምጦ የድርሻውን አጎረሰ።

እዚያው ድንኳን ውስጥ ግን ለሙስሊሙ በሙስሊም፣ ለክርስቲያኑ በክርስቲያን እጅ ለየብቻ ታርዷል። ድስቱና ጭልፋው እንኳ ተለይቷል። ይህ በእውነት የምንኮራበት ነው፤ ሽሙጥ የለበትም። «ጾም ነኝ» ያለውንም ማንም በሞቴ አይለውም። ለእምነት ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ደጋሽ፣ «ሐኪም ከልክሎኛል» ሲባል ጆሮው የሚደፈነው ለምንድን ነው? ስኳር እኮ ዓይን ያጠፋል፤ ኩላሊት ያደክማል፤ እግር ያስቆርጣል! ያን ጊዜ አጉራሹ የት ይገኛል? ሆስፒታል፣ ከአልጋው አጠገብ፤ በሽተኛ ሊጠይቅ የማንጎ ጭማቂ ተሸክሞ።

ስለዚህ ስኳር ያለባችሁ ወገኖቼ፣ በሽታችሁን ደብቁ። ክርስቲያን የሆናችሁ «የነፍስ አባቴ ንስሐ ሰጥተውኝ ነው» በሉ፤ ሙስሊም የሆናችሁ «የረመዳን ቀዷ (ያለፈኝ ጾም ማካካሻ) አለብኝ» በሉ። የተዘረጋው ጉርሻ በአየር ላይ ይቆማል፤ ይቅርታም ትጠየቃላችሁ። ከዚያም ድፎውን በፌስታል ቋጥረው፣ ብርዙን በጠርሙስ ሞልተው እስከ በር ይሸኟችኋል፦ «ማታ ስትፈታ ትበላዋለህ፣ በሞቴ!»