ብዙ የሚያጎላ ባይኖኩላር ሁሌ አይሻልም

«ወፍ ለማየት 20 ጊዜ የሚያጎላ ባይኖኩላር (ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር) ግዙ፤ 8 ብቻ የሚያጎላው ዋጋ የለውም» ላላችሁት፣ ይህ ብዙ ሰው የሚያምነው ግን ስህተት የሆነ ምክር ነው።

ባይኖኩላር ወፉን ብቻ አያጎላም፤ የእጃችንን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። 20 የሚያጎላውን በእጅ ይዞ ማየት ያደክማል፣ ምስሉ አይረጋም። በአንዴ የሚታየው ቦታም ይጠባል። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የምትዘል ትንሽ ወፍ ፈልጋችሁ ሳታገኟት ትበራለች።

ትልቁ ነገር ግን ብርሃን ነው። «8 በ42» ሲባል 8 ማጉያው ነው፤ 42 ደግሞ የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር። 42ን ለ8 ስናካፍል ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። «20 በ50» ላይ 2.5 ብቻ ነው። ማለዳ መናገሻ ጫካ ውስጥ፣ የጽድ ዛፍ ሥር ቆማችሁ፣ ይህ ልዩነት የላባውን ቀለም በማየትና ጥላ ብቻ በማየት መካከል ያለ ነው።

ለግቢ ወፎች ከ2 ወይም 3 ሜትር ርቀት አጥርቶ ማሳየቱን ሳትገዙ በፊት ሞክሩት። ለጉዞ «8 በ32» ይቀላል፣ አንገት አያደክምም። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ሆኖ ራቅ ያሉ ፔሊካኖችን ለማየት ትልቅ ማጉያ ይጠቅማል፤ እሱም መቆሚያ ላይ ሲታሰር ነው።