ሟች የሌለበት ለቅሶ

ለቅሶ የሚችልበት ሰው ደስ ይለኛል። ድሮ በየሰፈሩ አንድ የታወቀች አልቃሽ አትጠፋም ነበር። ሟቹን በዓይኗ አይታው ባታውቅም ሙሾዋን ስታወርድ ድንኳኑ ሁሉ ደረቱን ይመታል። ይሄ ሙያ ጠፋ ብዬ አዝን ነበር። ለካ አልጠፋም። አሜሪካ ገብቶ የቤዝቦል ክለብ ገዝቷል።

በእውነት፣ እንደ ቤዝቦል ክለብ ባለቤቶች አሳምሮ የሚያለቅስ አላየሁም። ተጫዋች ፍርድ ቤት ሄደ በተባለ ቁጥር ጥሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል። «ተጫዋቹ እንዳሻው ክለብ ከመረጠማ ጨዋታው ሞተ!» ስንት ዘመን አለቀሱ፣ እንባቸው አልደረቀም። ሬሳው ብቻ ነው እስካሁን ያልተገኘው።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። በተጫዋቹ ውል ላይ አንዲት አንቀጽ ነበረች። ውሉ የአንድ ዓመት ነው፣ ክለቡ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ሊያድሰው ይችላል። በታደሰው ውል ላይም ያችው አንቀጽ አለች። ስለዚህ እንደገና ይታደሳል። ደግሞ እንደገና። ጉልበቱ እስኪከዳው ወይም ክለቡ ለሌላ እስኪሰጠው። በቁርባን የተጋባ እንኳ እንዲህ አልታሰረም።

በፈረንጆች 1922 አንድ ከገበያ የተገፋ የባልቲሞር ክለብ ከሶ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ክለቦቹ በባቡር ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይዞራሉ፣ ትኬት ይሸጣሉ፣ ተጫዋች ይሸጣሉ። ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆምዝ ግን ይሄ በክፍለ ግዛቶች መካከል የሚካሄድ ንግድ አይባልም አሉ። ጉዞው እግረ መንገድ ነው። የፀረ ሞኖፖል ሕጉም ቤዝቦልን አይነካም ተባለ። እንዲህ ዓይነት አንጀት ያለው ዳኛ ለሁላችንም ይስጠን።

ከዚያ ከርት ፍለድ መጣ። ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ 12 ዓመት የተጫወተ፣ ሁለት ጊዜ ዋንጫ የበላ ሰው ነው። በ1969 ወደ ፊላደልፊያ ተዛውረሃል ተባለ። ማን ጠይቆት! በፈረንጆች ገና ዋዜማ ለሊጉ ኮሚሽነር ለቦዊ ኩን ደብዳቤ ጻፈ፤ ሳልጠየቅ የምገዛና የምሸጥ ዕቃ አይደለሁም የሚል። ከዚያም ያችን አንቀጽ በፀረ ሞኖፖል ሕጉ ከሰሰ።

እዚህ ላይ ደጋፊውንም ሳላመሰግን አላልፍም። አልቃሽ ብቻዋን ለቅሶ አታደምቅም፣ ተቀባይ ትፈልጋለች። ፍለድን «በዓመት 90 ሺህ ዶላር እየተከፈለህ ምን ጎደለህ?» አሉት። ጥሩ የሚከፈለው ባሪያም ያው ባሪያ ነው ብሎ መለሰ። ደሞዙ ወር የማይደርስለት ሰው ለባለ ሚሊዮኑ ሲያነባ ማየት እንዴት ልብ ይነካል! እኛስ ብንሆን ሻይ ቤት ተቀምጠን «ኳስ እያንከባለለ ምን ያማርረዋል?» እንል የለ?

የፍለድ ጓደኞችም ጨዋ ነበሩ። ለምስክርነት ስመ ጥሩው የቀድሞ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን መጣ፣ ግን ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። በሥራ ላይ ካሉት ተጫዋቾች አንድም አልመጣም። ለቅሶ ቤት መረበሽ ነውር ነው።

በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 3 ፈረደበት። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ብላክመን ሐተታቸውን በቤዝቦል ታሪክ ጀመሩ፤ ከ80 በላይ የድሮ ተጫዋቾችንም በስም ጠሩ። ሙሾ ላይ የሟች አያት ቅድመ አያት ይጠራ የለ? በውጤቱ የተስማሙ ሁለት ዳኞች እንኳ «በዚህኛው ክፍል የለንበትም» አሉ። ከሙሾው በኋላ ፍርዱ መጣ። አዎ፣ ቤዝቦል ንግድ ነው። አዎ፣ ቦክስም ሆነ የአሜሪካ እግር ኳስ ይህን ከለላ አላገኙም። አዎ፣ ነገሩ ወጣ ያለ ነው። ግን ስለቆየ ይቆይ፣ ከፈለገ ምክር ቤቱ ያስተካክለው።

ዘጠነኛው ዳኛ ፓወል የት ነበሩ? አልተቀመጡም። የካርዲናልስ ባለቤት በነበረው ቢራ ፋብሪካ ውስጥ አክሲዮን ነበራቸው። 50 ዓመት ሙሉ ንግድ አይደለም የተባለለት ነገር!

ለቅሶውን ያበላሸው ፒተር ሳይትዝ የሚባል የግልግል ዳኛ ነው። በ1975 ሁለት ተጫዋቾች ሳይፈርሙ ዓመቱን አሳልፈው «አሁንስ ነፃ ነን» አሉ። ሳይትዝ አንቀጿን አነበበ። አንድ ዓመት ትላለች። አንድ ማለት አንድ ነው አለ። ባለቤቶቹ ወዲያው አባረሩት። ከዚያ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ተሸነፉ። ይግባኝ አሉ፣ ተሸነፉ። ስድስት ዓመት ያገለገለ ተጫዋችም ውሉ ሲያልቅ ወደ ፈለገበት መሄድ ጀመረ።

ሟቹም ከዚያ በኋላ መወፈር ጀመረ። በ1973 ኒውዮርክ ያንኪስ የተሸጠው ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ዛሬ ከ7 ቢሊዮን በላይ ይገመታል። በ1993 በ173 ሚሊዮን የተገዛው ባልቲሞር ኦሪዮልስ በ2024 በ1.725 ቢሊዮን ተሸጠ። ንፍሮው መቼም ጥሩ ነው።

የአውሮፓ ክለቦችም ሙሾውን ተውሰውታል። በ1995 ቦስማን የሚባል ቤልጂየማዊ ተጫዋች ውሌ ካለቀ በነፃ ልሂድ ብሎ ፍርድ ቤት ሲያሸንፍ እነሱም ኳስ አለቀላት ብለው ነበር። ያችን ያለቀላት ኳስ ነው ቅዳሜና እሁድ ወንበር ተሻምተን የምናያት።

ፍለድ በጥር 1997 አረፈ። በ1998 በስሙ ሕግ ወጣና ለትልቁ ሊግ ተጫዋቾች እሱ የተነፈገውን በፀረ ሞኖፖል ሕግ የመክሰስ መብት ሰጣቸው። ተዝካር መሆኑ ነው።

ባለቤቶቹና ተጫዋቾቹ የተፈራረሙት የአሁኑ ስምምነት ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ያልቃል። እኔ ነጠላዬን አጥቤ አስቀምጫለሁ። ጥሩንባው ሲነፋ አዘቅዝቄ እደርሳለሁ።