ወንድ ነው ሴት?

ግቢ ውስጥ አንድ ትንሽ ኤሊ ሲገባ «ምን ይበላል?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሁሉም ጥያቄ «ወንድ ነው ሴት?» ነው። መልሱ ደግሞ አቦሉ ሳይቀዳ ይደርሳል።

የእርጉዝ ሆድ አይተው «ሾል ብሏል፣ ወንድ ነው» የሚሉ እትዬዎች አሉ አይደል? እነሱ ኤሊም አይምሩም። አንደኛዋ መዳፋቸው ላይ ይገለብጡትና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ዓይኗን እዩት፣ ሴት ናት!» ይላሉ። አከራዩ ጋሼ ሰላጣውን ሲጎርስ ያዩና «ይሄ የወንድ አበላል ነው» ብለው ይፈርዳሉ። ምስኪኑ ፍጡር በጀርባው ተንጋሎ እግሩን ያወራጫል።

ምልክትማ አለው። የአዋቂ ወንድ ጅራት ረዘምና ወፈር ይላል። የሆዱ ቅርፊት ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ነው፣ ሴቷ ላይ ሲወጣ እንዳይንሸራተት። የሷ ጅራት አጭር፣ ሆዷም ለጥ ያለ ነው። ችግሩ ይሄ ሁሉ የሚለየው ዓመታት ቆይቶ፣ ካደጉ በኋላ ነው። መዳፍ የማይሞላ ጫጩት ላይ ምኑ ይታያል?

ደግሞ ጾታቸውን የሚወስነው ሙቀት ነው። እንቁላሉ የተቀበረበት አፈር ሞቅ ካለ ሴት ይበዛል፣ ቀዝቀዝ ካለ ወንድ። ስለዚህ ኤሊዎች ዘንድ «ወንድ ልጅ አልወለድሽልኝም» ብሎ ሚስቱን የሚያኮርፍ የለም። ጥፋቱ የፀሐይ ነው።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ተሸውደዋል። ቲሞቲ የተባለው ኤሊ በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ላይ ነበር። ሴት መሆኗ የታወቀው በ1926 እ.ኤ.አ. ነው። ስሟን ግን የነካባት የለም፤ በ2004 እስክትሞት ድረስ ቲሞቲ ነበረች። ጦር ሜዳ የዋለችን ሴት ማን ደፍሮ!

የጆናታን ይባስ። ሴንት ሄሌና ደሴት የሚኖር፣ የዓለም የዕድሜ ባለጸጋ ኤሊ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ፍሬድሪካ የምትባል ሚስት መጣችለት። ትዳሩ ሞቅ ብሎ ከ25 ዓመት በላይ ከሄደ በኋላ፣ በ2017 ሐኪም አያትና «ወንድ ሳትሆን አትቀርም» ተባለ። አሁን ለጋብቻው ሽማግሌ ተልኮ ቢሆን ኖሮ፣ እነዚያ አባቶች በየት በኩል ያልፉ ነበር?

እኛ ግቢ ግን «እስኪያድግ እንጠብቅ» የሚል አይገኝም። ስም ይውጣ ይባላል። ክርክሩ ሲጦዝ ለወንድም ለሴትም ይሆናል ተብሎ «ደስታ» ላይ ይታረቃሉ። እትዬም እሺ ይላሉ። ጋሼ ብቻ ቅር እንዳላቸው ናቸው።

«የአባት ስምስ ማን ልንል ነው?»