ስምንት ሰከንድ

የክርክሩ ጭብጥ፦ «ኮፊ ኪንግስተን ቀበቶውን በብሮክ ሌስናር የተነጠቀበት ግጥሚያ፣ ከሬስሊንግ የሻምፒዮና ግጥሚያዎች ሁሉ አሳፋሪው ነው።» ከሳሿ ወጣት ናት። ጠበቃው ሬስሊንግን በቪዲዮ ቤት የጀመሩ ጎልማሳ ናቸው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሳሽ፦

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ጓደኛዬ አንድ ቪዲዮ ልካልኛለች። ከፈትኩት። ደወል ተደወለ። ኮፊ ሮጦ ዘለለ። ብሮክ አየር ላይ ቀለበው፣ ትከሻው ላይ ጫነው፣ አሽከርክሮ ጣለው። ዳኛው ወለሉን ሦስት ጊዜ መታ። አለቀ።

ቪዲዮው የተቆረጠ መስሎኝ መልሼ ከፈትኩት። ኔትወርኩንም ረገምኩ። ለካ ምንም አልተቆረጠም፤ ግጥሚያው ራሱ ያችው ናት። ስምንት ሰከንድ።

ሰውየው ማን ነው? ኮፊ ጋና ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ነው። 11 ዓመት ሙሉ ሌሎችን ሲያደምቅ ኖሯል። ፌብሩዋሪ 2019 ላይ ሙስጠፋ አሊ የሚባለው ሬስለር ባይጎዳ ኖሮ ማንም አያስታውሰውም ነበር። በሱ ቦታ ገባና አንድ ሰዓት ያህል ሪንግ ውስጥ ቆየ። ሦስት ሰው በተከታታይ ጣለ፣ አራተኛው ላይ ተሸነፈ። ሕዝቡ ያን ቀን ያዘው፣ አለቀቀውም። ኤፕሪል 7 በዓመቱ ትልቁ የሬስሊንግ ድግስ፣ በሬስልማንያ 35፣ የወቅቱን ሻምፒዮን ዳንኤል ብራያንን አሸነፈ። ብራያን «ለተፈጥሮ እቆረቆራለሁ» ብሎ በቃጫና በእንጨት ቀበቶ አሠርቶ ነበር። የኮፊ የቡድን ጓደኞች ትክክለኛውን ቀበቶ አመጡለት። ሁለት ልጆቹ ሪንግ ውስጥ ገብተው አቀፉት። በአፍሪካ ምድር የተወለደ የመጀመሪያው የሬስሊንግ ድርጅቱ፣ የደብሊው ደብሊው ኢ፣ ሻምፒዮን። ከዚያ ቀበቶውን ይዞ ጋና ሄደ፣ ከ26 ዓመት በኋላ።

በ180ኛው ቀን ደግሞ ስምንት ሰከንድ! ኦክቶበር 4፣ ሎስ አንጀለስ፣ ስማክዳውን የሚባለው ሳምንታዊ ፕሮግራም ወደ ፎክስ ቴሌቪዥን በገባበት የመጀመሪያ ምሽት። ያን ምሽት ኮፊ ብቻ አይደለም የወደቀው። አህጉር ነው የወደቀው።

ጠበቃ፦

እህቴ፣ አብሬሽ ላለቅስ ትንሽ ነበር የቀረኝ። መጨረሻ ላይ «አህጉር ወደቀ» ስትይ ግን ሳቄ መጣ። አህጉር! ከካይሮ እስከ ኬፕታውን ያለው ሕዝብ ብሮክ ትከሻ ላይ!

ለመሆኑ ኮፊ ሲጀምር የየት አገር ሰው ነበር? በ2008 ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ ጃማይካዊ ነው ተባልን። አነጋገሩን ሳይቀር እንደ ጃማይካ ሰው ያጣምመው ነበር። በ2009 ድንገት ጋናዊ ሆኖ መጣ። እንግዲህ በመጀመሪያው ዓመት ቢሸነፍ ኖሮ የምትወድቀው አንዲት ደሴት ነበረች ማለት ነው።

ወደ ጭብጡ ልመለስ። አሳፋሪ ምን እንደሆነ ላሳይሽ። ጃንዋሪ 4፣ 1999። አትላንታ፣ ጆርጂያ ዶም። ኬቨን ናሽ ሻምፒዮን ነው፤ ሆጋን ፊቱ ቆሟል። ሆጋን ጣቱን ዘረጋና ደረቱን ነካ አደረገው። ልብ በይ፣ ጣት! አንድ ጣት። ያ ግንድ የሚያህል ሰውዬ በጥይት እንደተመታ ተዘረረ። ሆጋን ላዩ ላይ ተኛ፣ ሻምፒዮን ሆነ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ትኬት ገዝቶ የገባ ነው። ብሮክ ቢያንስ ሰው አንስቶ ጥሏል።

ስምንት ሰከንድም አዲስ ነገር አይደለም። በ1994 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ ዲዝል ቦብ ባክለንድን በስምንት ሰከንድ ጥሎ ሻምፒዮን ሆኗል። ማንም ሐዘን አልተቀመጠም። ይሄ ሲጀመርም የተጻፈ ነገር ነው። ማን እንደሚሸነፍ ሁለቱም ያውቃሉ። በተጻፈ ነገር ማልቀስ የልጅ ነው።

ከሳሽ፦

ጋሼ፣ «የተጻፈ ነገር ነው» አሉ። እሺ። የሆጋን ጣትስ? እሱን እግዚአብሔር ነው የዘረጋው?

ሃያ ዓመት ያለፈው የጣት ነገር ዛሬም ያንገበግብዎታል። ቀኑን ከነወሩ፣ ከተማውን ከነአዳራሹ ያስታውሳሉ። «ትኬት ገዝቶ የገባ ሰው» ብለው ለማያውቁት የአትላንታ ሕዝብ ይቆረቆራሉ። ያም የተጻፈ ነበር። ለእርስዎ ሲሆን ቁጭት፣ ለእኔ ሲሆን የልጅ ለቅሶ?

ጃማይካ ያሉት ደግሞ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ኮፊን ጃማይካዊ ብሎ ያቀረበው ማን ነው? ድርጅቱ። በሌላ አገር ስም አስተዋወቁት። የራሱን አገር ስም ለማስጠራት እንኳ ተራ ጠብቋል። ያ ሰው ነው ቀበቶ ይዞ አክራ የገባው። ስሙ ራሱ ኮፊ፣ በአካን ቋንቋ ዓርብ የተወለደ ወንድ ማለት ነው። የጣሉትም ዓርብ ማታ ነው። ይሄን የጻፈው ሰው እንኳ አላወቀውም ይሆናል።

ጠበቃ፦

ዓርብ ቢወለድ፣ ዓርብ ቢሸነፍ፣ ምን ይጠበስ? ስማክዳውን ዓርብ ስለሆነ ነዋ! ማክሰኞ ቢሆን ኖሮ ማክሰኞ ይሸነፍ ነበር።

«አህጉር ወደቀ» ያልሽውን ግን አልመለስሽልኝም። ድርጅቱ ላይ ዞርሽ። እሺ፣ እንከተልሽ። ፎክስ ለአምስት ዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሏል። የመጀመሪያው ምሽት ነው። ሬስሊንግ አይቶ የማያውቅ ሰው ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል። ያ ሰው ማንን ያውቃል? በዩኤፍሲ፣ በእውነተኛው የፍልሚያ ውድድር፣ ሻምፒዮን የነበረውን ብሮክን ያውቃል። ኮፊን አያውቅም። ያን ማታ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አየው። ነጋዴ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?

ደግሞ የኮፊ ስድስት ወር በሙሉ ማር አታድርጊው። ኦገስት ላይ ቶሮንቶ ውስጥ ሰመርስላም የሚባለው ትልቅ ዝግጅት ነበር። ከራንዲ ኦርተን ጋር የአሥር ዓመት ቂም አለ ተብለን ጠበቅን። ሁለቱም ከሪንግ ውጭ ተቆጥሮባቸው ያለ አሸናፊ ተበተነ። ሕዝቡ ጮኸባቸው። ያኔ ሻምፒዮኑ ማን ነበር? ስለዚህስ ምን ትያለሽ?

ከሳሽ፦

«ነጋዴ ብትሆኚ» ይሉኛል። አይደለሁም። ተመልካች ነኝ። ተመልካች ሆኜ ነው የምከስሰው። እርስዎ መቼ ነው ከቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ ተነስተው የቦርድ ስብሰባ የገቡት?

ያ 4 ሚሊዮን ሰው ምን አየ? ኮፊ ከወደቀ በኋላ ኬን ቬላስኬዝ የሚባል የቀድሞ የዩኤፍሲ ሰው መጣ። በ2010 ብሮክን በእውነተኛ ቡጢ ዘርሮት ነበር። ብሮክ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። ሌሊቱ በሙሉ ለዚያ ነበር የተዘጋጀው። ሁለቱ ኦክቶበር 31 ሪያድ ላይ ተገናኙ። ስንት ደቂቃ ፈጀ? አንድ ተኩል ገደማ። ለዚያ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው 11 ዓመት የለፋ ሰው መረማመጃ የሆነው። ነጋዴው ከዚህ ምን አተረፈ?

እና ማስረጃዎ የካሴት ዘመን ነው፣ ጋሼ። ዲዝልና ባክለንድ በቴሌቪዥን ያልተላለፈ ግጥሚያ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ያልነበረ ሰው ያን ምሽት አላየውም። እርስዎም አላዩትም።

ጠበቃ፦

የካሴት ዘመን። ጥሩ። እንግዲህ እኔም «እርስዎ» ልበልዎት፣ እንደ ማንተዋወቅ ሰዎች።

አዎ፣ ካሴት ነበር። ጥቁር መጋረጃ ያለው ቤት፣ ከእንጨት የተሠራ አግዳሚ፣ የጫማ ሽታ። ባለቤቱ ካሴቱን በእርሳስ እያጠነጠነ ነው የሚያስገባልን። ስቲንግንና ሆጋንን ያየሁት እዚያ ነው። ስታርኬድ የሚባለው ትልቅ ዝግጅት፣ 1997፣ ዋሽንግተን። ስቲንግ ከዓመት በላይ ቃል ሳይተነፍስ ጣሪያ ላይ ቆሞ ሆጋንን ሲያይ ከረመ። ፊቱን ነጭና ጥቁር ተቀብቶ። እኛ ሰፈር ልጆች ፊታቸውን በከሰል ይቀቡ ነበር። ቀኑ ደረሰ። ሆጋን ስቲንግን ጣለውና ዳኛው ቆጠረ። ታሪኩ «ዳኛው ተገዝቶ በፍጥነት ቆጠረ» የሚል ነበር። ዳኛው ግን እንደ ማንኛውም ቀን ነው የቆጠረው! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ሌላው ሬስለር ብሬት ሃርት መጥቶ «ተጭበርብሯል» ብሎ ግጥሚያውን አስቀጠለ። ምን ተጭበረበረ? ቤቱ በሙሉ እርስ በርሱ ተያየ። ስቲንግ በኋላ አሸነፈ፣ ግን ማን ከቁም ነገር ቆጠረው? ዓመት ሙሉ የጠበቅነው ነገር እጃችን ላይ ሟሟ።

የእርስዎ ኮፊ ግን ኤፕሪል ላይ አሸንፏል። ንጹሕ አድርጎ። ያን ማንም አይወስድበትም። ስለዚህ ከዓለም አሳፋሪው ማለት አይቻልም።

ከሳሽ፦

እኔ «እርስዎ» የምልዎት በክብር ነው፣ ጋሼ። እርስዎ የሚሉኝ በኩርፊያ ነው።

ስለ ስቲንግ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «እጃችን ላይ ሟሟ።» ታዲያ በምን ተለያየን? የእርስዎ በከሰል ፊት መቀባት፣ የእኔ ታናሽ ወንድም ካርቶን ቆርጦ በቸኮሌት ወረቀት ቀበቶ መሥራት። ወንድሜ ኮፊ ያሸነፈ ቀን ሠርቶት ለስድስት ወር ወገቡ ላይ ነበር። ለእራት ሲቀመጥ እንኳ አይፈታውም። በተጻፈ ነገር ነው እንግዲህ።

ደግሞ ያ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ አልጣለንም። ጃንዋሪ 1፣ 2022 የኮፊ የቡድን ጓደኛ ቢግ ኢ ሻምፒዮን ነበር። ማን ቀማው? ብሮክ። የቡድኑ ሁለት ሰዎች ሻምፒዮን ሆኑ፣ ሁለቱንም እዚያው ግድግዳ ላይ አጋጯቸው። ይሄ አጋጣሚ ነው?

ጠበቃ፦

ቢግ ኢ የተሸነፈው በአምስት ሰው ግጥሚያ ነው፣ ያውም ብሮክ የገባው የዚያ ምሽት ተጋጣሚው ሮማን ሬይንስ በኮቪድ ምክንያት ስለቀረ ነው። ፕላን አልነበረም። ፍርድ ከመስጠትሽ በፊት መዝገቡን አንብቢ።

እሺ፣ ልጠይቅሽ። ኮፊ ራሱ ጮኸ? አልጮኸም። ወደ ቡድን ጓደኞቹ ተመለሰ፣ እንደ ልማዳቸው ለተመልካች ፓንኬክ መወርወሩን ቀጠለ፣ ሥራውን ሠራ። ባለቤቱ ያልከሰሰውን አንቺ ምን ቤት ነሽ?

ከሳሽ፦

ስለ ቸኮሌት ወረቀቱ ምንም አላሉም። ይሁን።

ኮፊ አልጮኸም። ደመወዝተኛ ነው። አለቃው ፊት መጮህ ምን እንደሚያስከትል ያውቃል። እርስዎ በሥራ ቦታዎ የተበደሉት ሁሉ ላይ ጮኸዋል? ዝም ማለቱን ፊርማ አያድርጉት።

«ከዓለም አሳፋሪው» የሚለውን ለመከራከሪያ ያህል ልተወው። ጣቱን ይውሰዱ፣ ስቲንግንም ይውሰዱ። የምጠይቀው ሁለት ደቂቃ ነው። ኮፊ አንድ ጊዜ ቢመታው፣ አንዴ ገመዱ ላይ ዘሎ ቢያወዛውዘው፣ ብሮክ አንድ ጉልበቱ ላይ ቢወርድ። ሁላችንም ተነስተን ጭንቅላታችንን ብንይዝ። ከዚያ ይጣለው። ለ180 ቀን ሻምፒዮን ሁለት ደቂቃ ብዙ ነው?

ጠበቃ፦

ሁለት ቢሰጡሽ ሦስት ትጠይቂ ነበር። አውቅሻለሁ፣ እኛም እንደዚያ ነበርን።

በ2012 ሚያሚ ላይ ሼመስ ዳንኤል ብራያንን በ18 ሰከንድ ሲጥለው ሕዝቡ በነጋታው «የስ፣ የስ» እያለ አዳራሹን አናወጠው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኒው ኦርሊንስ ላይ ያው ብራያን በአንድ ምሽት ትሪፕል ኤችን፣ ከዚያ ኦርተንንና ባቲስታን አሸንፎ ሁለት ቀበቶ አነሳ። እንዲህ ዓይነት ውርደት ሰው ሲያነሳም አይተናል። ለኮፊም ያንን ነበር የጠበቅኩት።

ከሳሽ፦

ጠበቁ? እና መጣ?

ጠበቃ፦

አልመጣም።

አንድ እርማት ብቻ። ስምንት ሰከንድ አይደለም። ከደወሉ እስከ ዳኛው ሦስተኛ ምት በስልኬ ያዝኩት፤ ዘጠኝ መጣልኝ። አራት ጊዜ ነው የቆጠርኩት።