አካፋዩን ሳያዩ «ብቸኛ አይደለም» ማለት ይቻላል?

ክርክሩን ያስነሳው አንድ ቁጥር ነው። 67 ሁለቶችን አባዝተን 1 ስንቀንስ የሚገኘው፦ 147,573,952,589,676,412,927። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሜርሰን እ.ኤ.አ. በ1644 ብቸኛ ቁጥር ነው፣ ማለትም ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም ብሎ ነበር። ሌላው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ሉካስ በ1876 አይደለም አለ፤ አካፋዮቹን ግን አላገኘም። የሚከራከሩት ደሴ የሚያስተምሩ አንጋፋ የሒሳብ መምህርና ኮምቦልቻ የምታስተምር ወጣት መምህርት ናቸው።

የደሴው፦ በግልጽ ልናገር። አካፋዩን በእጁ ያልያዘ ሰው «ብቸኛ አይደለም» ቢል ያወቀው ነገር የለም። ባቲ ገበያ ላይ «ይቺ ግመል የተሰረቀች ናት፣ ባለቤቷን ግን አላውቅም» ብትይ ማን ይሰማሻል? አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ኮል በ1903፣ 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዝቶ አሳየ። ቁጥሩ የታወቀው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ግምት ነው፣ ልጄ።

የኮምቦልቻዋ፦ መምህር፣ «ግምት» ያሉት ነው ያንገበገበኝ። ሉካስ አልገመተም። መንገዱን ኋላ በተሻሻለው መልኩ ላሳይ። ከ4 ይጀምሩ፣ በራሱ ያባዙ፣ 2 ይቀንሱ፣ ለሚፈተነው ቁጥር አካፍለው ቀሪውን ብቻ ይያዙ፣ ከተባዙት ሁለቶች ብዛት በ2 ያነሰ ጊዜ ይድገሙት። መጨረሻ ላይ 0 ከመጣ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ካልመጣ አይደለም። 5 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ ለሚገኘው ለ31 ቢሞክሩት 4፣ 14፣ 8፣ ከዚያ 0 ይመጣል፤ ስለዚህ 31 ብቸኛ ነው። በእኛ ቁጥር 65 ጊዜ ደግመው 0 አይመጣም። በቃ፣ ተረጋገጠ። ይህ ግምት ነው?

የደሴው፦ ስሌቱን አውቀዋለሁ፤ ጠመኔ ይዤ ነው ያረጀሁት። ግን «በቃ» አልሽ። ተማሪ ሰሌዳ ፊት ቆሞ «ይካፈላል» ሲለን «በስንት?» እንለዋለን። አላውቅም ካለ ነጥብ የለውም። ታዲያ ለሉካስ ሲሆን ለምን በቃ ይሆናል?

የኮምቦልቻዋ፦ ነጥብ መከልከል የእርስዎ ልማድ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። «በስንት?» ሌላ ጥያቄ ነው። ግመሏ ላይ የሌላ ሰው ምልክት ካለ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ባይታወቅም የሻጩ እንዳልሆነች ይታወቃል። «ልጄ» ማለቱንም ይተዉልኝ። አክብሬዎት ነው የምጽፈው፣ እንደ ባልደረባ ያናግሩኝ።

የደሴው፦ እሺ እህቴ፣ ለማቃለል ብዬ አይደለም፣ ይቅርታ። ግን ድካሙን እዪ። የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ ከ134 ብዜት በ1 ይበልጣል። 135፣ 269፣ 403 እያልሽ ብትሄጂ ትንሹን አካፋይ የምታገኚው 1,445,580ኛው ላይ ነው። ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን! ወላሂ፣ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ስለዚያ ሰው ነው።

የኮምቦልቻዋ፦ የጀመርነው ስለ ማወቅ ነበር፣ አሁን ስለ ድካም ሆነ። ይሁን። ኮል ያን ሁሉ የደከመው ፍለጋው ባዶ እንደማይቀር ሉካስ አስቀድሞ ስላረጋገጠለት አይደለም? ብቸኛ ሊሆን የሚችል ቁጥር ላይ ማን ዕድሜውን ይጨርሳል? «ግምት» የሚለውን ቃል ያንሱልኝ።

የደሴው፦ አላነሳም። ሰኞ ሁለቱን ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ልጆቹ በእጃቸው ያባዙ። 21ዱ አሃዝ እስኪወጣ ከክፍል አንወጣም። ማወቅ ምን እንደሆነ ያኔ ይገባቸዋል።

የኮምቦልቻዋ፦ ያባዙ፣ ደስ ይለኛል። እኔም ሰኞ 11 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘውን 2,047ን ሰጥቼ ስሌቱን 9 ጊዜ አስደግማቸዋለሁ። 0 እንደማይመጣ ይዩ። አካፋዮቹን 23ን እና 89ን ሳልነግራቸው «ብቸኛ ነው ወይ?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። መልሳቸውን እልክልዎታለሁ።