መሬቱ የኔ፣ በሬው ያንተ

አገር ቤት ባሏ የሞተባት ሴት መሬት ኖሯት በሬ ቢያጥራት መሬቷን ጦም አታሳድርም። በሬና ጉልበት ላለው ጎረቤት የእኩል ወይም የሲሶ ትሰጣለች። እሱ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያጭዳል። እህሉ አውድማ ላይ ሲሰፈር እሷ ድርሻዋን አስጭና ቤቷ ትገባለች። አራሹ ተነሥቶ "መሬቱ የኔ ነው" ቢል መንደሩ ምስክር ነው።

ይህን ሥርዓት ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው አሜሪካ ሲመጣ ለምን እንደሚረሳው ሁልጊዜ ይገርመኛል። እዚህ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሌሊት ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ኡበር የሚነዱ፣ አረጋውያን የሚንከባከቡ ወገኖቼን ባገኘሁ ቁጥር ጨዋታው አንድ ነው፤ "እጄን ሳልዘረጋ በየወሩ የሚገባ ገቢ እንዴት ላምጣ?" ቤት ገዝቶ ማከራየት ይነሣል፣ አክሲዮን ይነሣል፣ ትራክ ገዝቶ ሹፌር መቅጠር ይነሣል። ሁሉም ጠቀም ያለ መነሻ ገንዘብ ይፈልጋል። በየዕለቱ ሥራ ላይ የምናየው ችግርና ለችግሩ በገዛ እጃችን ያበጀነው መላ ግን ከሀብት አይቆጠርም። እኔ የምለው ያ መላ መሬት ነው። ካርታ ይውጣለትና በሬ ላለው ይሰጥ።

ካርታው ፓተንት ይባላል፤ ሌላ ሰው ፈጠራውን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለተወሰነ ዘመን እንዳያመርትና እንዳይሸጥ መንግሥት የሚሰጠው መብት ነው። ባለበሬው አምራቹ ኩባንያ ነው፤ ፋብሪካውም፣ መጋዘኑም፣ ከትልልቅ መደብሮች ጋር ያለው ውልም የእሱ ነው። የፈጠራው ባለቤት ዕቃውን እንዲያመርት ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ኩባንያው ደግሞ ከሸጠው ላይ ሮያሊቲ የሚባለውን ድርሻ ይከፍላል። ፈጠራው ተከራየ እንጂ አልተሸጠም። ባለቤቱም ሥራውን ሳይለቅ፣ ሠራተኛ ሳይቀጥር፣ ዕቁቡን ሁሉ አሟጦ ዕቃ ሳያስጭን ይኖራል።

ስለዚህ ነገር ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ሎኒ ጆንሰን ነው። አላባማ የተወለደ፣ በአሜሪካ አየር ኃይልና በናሳ የጄት ፕሮፐልሽን ላብራቶሪ የሠራ ጥቁር አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ከሥራ ሰዓቱ ውጭ ቤቱ ውስጥ በፍሪዮን ጋዝ ፈንታ በውኃ የሚሠራ የማቀዝቀዣ መሣሪያ ሊሠራ ይሞክራል። መታጠቢያ ቤቱ ገብቶ የሠራትን የውኃ መርጫ አፍንጫ ከቧንቧው ጋር ሲያገናኝ ውኃው ክፍሉን አቋርጦ ተወነጨፈ። ማቀዝቀዣውን ለጊዜው ተወት አደረገና ከፕላስቲክ ቱቦና ከለስላሳ ጠርሙስ የልጆች የውኃ ጠመንጃ ሠራ። የመጀመሪያዋ ሞካሪ የ7 ዓመት ልጁ ነበረች። በ1983 የፓተንት ማመልከቻ አስገባ፤ በ1986 ተፈቀደለት።

አብዛኞቻችን የምንወድቅበት ቦታ ላይ ጆንሰንም ቆሞ ነበር። ራሱ ሊያመርተው አስቦ ዋጋ ሲጠይቅ የመጀመሪያዎቹን 1,000 ጠመንጃዎች ለማውጣት 200,000 ዶላር እንደሚያስፈልግ ተነገረው። ደመወዝተኛ ነው፤ ያን ያህል ገንዘብ የለውም። ስለዚህ በሬ ያለው ፍለጋ ሄደ። በ1989 ኒውዮርክ በተካሄደው የአሻንጉሊት ዐውደ ርእይ ላይ ላራሚ ከተባለ ኩባንያ ሰዎች ጋር ተገናኘ፤ ኋላም ናሙናውን በሻንጣ ይዞ ፊላደልፊያ ወዳለው ቢሯቸው ሄደና ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ውኃውን ከዳር እስከ ዳር ረጨላቸው። ዕቃው በ1990 ገበያ ወጣ። በ1991 ሱፐር ሶከር ተብሎ ሽያጩ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በለጠ።

ከመታጠቢያ ቤቱ እስከ መደብሩ 8 ዓመት ነው። ከእነዚያ ዓመታት አብዛኞቹን በደመወዙ እየኖረ አለፋቸው። "ተኝቶ የሚገኝ ገቢ" የሚለውን የማኅበራዊ ሚዲያ ወሬ የማልወደው ለዚህ ነው። ገቢው ተኝተው የሚያገኙት ከሆነም ሳይተኙ ካደሩባቸው ሌሊቶች በኋላ ነው። ደግሞም አብዛኛው ፓተንት አንዲት ሳንቲም ሳያመጣ ዘመኑ ያልቃል፤ ይህን ሳልናገር ሰው ላበረታታ ብል ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። መንገዱ ግን እውነተኛ መንገድ ነው፤ ለመግባትም እንደ ቤትና እንደ ትራክ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እምነቴ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሠፈራችን ልመለስ። የማውቃቸው አንዲት እናት አሉ፤ እትዬ ልበላቸው። ቀን ሆቴል ያጸዳሉ፣ ማታ እንጀራ ይጋግራሉ። እዚህ አገር ብዙ ቤት የሚገኘው ክቡ የኤሌክትሪክ ምጣድ መጀመሪያ የተሠራው ከኖርዌይ ለመጡ አሜሪካውያን ነው፤ ሌፍሴ የሚሉትን ስስ ቂጣቸውን ይጋግሩበታል። ለሌፍሴ ክዳን አያስፈልግም። እንጀራ ግን በእንፋሎት ካልበሰለ እንጀራ አይሆንም። የአገር ቤቱ አክንባሎ እንፋሎቱን ይመጠዋል፤ የአሉሚኒየሙ ክዳን ግን አይመጥም። እንፋሎቱ ከውስጥ በኩል ጠብታ ይሆንና ክዳኑ ሲነሣ እንጀራው ላይ ይንጠባጠባል፤ ያ ቦታ ይረጥባል፣ ዓይኑ ይጠፋል፣ ሲደራረብም ይጣበቃል። ማንኛዋም እናት ታውቀዋለች፤ በጨርቅ እየጠረገች ትቀጥላለች።

እትዬ መጥረጉ ሰለቻቸው። የክዳኑን ጠርዝ በፒንሳ ወደ ውስጥ ቆልምመው ዙሪያውን ጣት የማታህል ቦይ አበጁለት፤ ከእጀታው ተቃራኒ በኩል አንዲት ማፍሰሻ ከፈቱ። ክዳኑን ወደዚያ ዘንበል አድርገው ሲያነሡት ጠብታው በቦዩ ዞሮ በማፍሰሻው ይወጣል። ባየሁበት ሌሊት ዐሥራ ስድስት እንጀራ ሲያወጡ ቆጥሬያለሁ፤ አንዱም አልረጠበም።

ከሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ ሐሳብ ይዘው በሬዲዮ የሰሙት አንድ ድርጅት ጋር ደውለው ነበር። ፈጠራዎን ለትልልቅ ኩባንያዎች እናቀርባለን የሚል ነው። በየወሩ እየከፈሉ ከ6,000 ዶላር በላይ ወሰደባቸው። ያገኙት የሚያብረቀርቅ ባለቀለም መጽሔት ነው። አንድ እሑድ አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡትና "ልጄ፣ እስቲ እንዳው ምን እንደሚል አንብብልኝ" አሉኝ። ሥዕሉን ሳየው ክዳኑ አለ፣ እጀታው አለ፣ ቦዩ ግን የለም። ፈጠራው ራሱ የለም ማለት ነው። "እትዬ፣ የሳሉት ገበያ ላይ ያለውን ተራ ክዳን ነው" ስላቸው ዝም አሉ። ለፓተንት ቢሮም ምንም ማመልከቻ አልገባም ነበር።

እንዲህ ያለው ሥራ የቆየ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2017 ወርልድ ፓተንት ማርኬቲንግ የተባለውን ድርጅት ከስሶ አዘጋው፤ በማግሥቱ ዓመት የወጣው ውሳኔ ወደ 26 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ1999 የወጣ ሕግ ደግሞ እንደነዚህ ያሉ ድርጅቶች ውል ከመፈረማቸው በፊት፣ በእነሱ አገልግሎት ከከፈሉት በላይ ያገኙ ደንበኞቻቸው ስንት እንደሆኑ በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ቁጥሩን በወረቀት ካልሰጡ ስልኩን ዝጉ። ሁነኛ ባለበሬ መሬቱን ሊያርስ ሲመጣ ከባለመሬቷ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሥርዓቱ በቀና መንገድ ሲሄዱበት እንዲህ ያለ ኪሣራ የለበትም። መጀመሪያ ሐሳቡ በሌላ ሰው አለመያዙን ጉግል ፓተንትስ ላይ በነፃ መፈለግ ነው፤ ጥቂት ምሽት ይበቃዋል። ከዚያ ፕሮቪዥናል የሚባለው ጊዜያዊ ማመልከቻ አለ። ገቢያቸው ከተወሰነው ጣሪያ በታች ለሆኑ ሰዎች ክፍያው 65 ዶላር ነው፤ ጣሪያው የአገሪቱ መካከለኛ የቤተሰብ ገቢ ሦስት እጥፍ ስለሆነ የፓርኪንግ ሠራተኛውም ነርሷም ይገቡበታል። ይህ ማመልከቻ በራሱ ፓተንት አይሆንም፤ ግን ያመለከታችሁበትን ቀን ያስይዛል፣ 12 ወርም ይሰጣል። በእነዚያ 12 ወራት ለአምራቾች ጽፎ፣ ናሙና አሳይቶ፣ ፈላጊ መኖሩን ካረጋገጡ በኋላ፣ 12 ወሩ ሳያልቅ ነው ሙሉው ማመልከቻ የሚገባው። ብዙ ወጪ ያለው እሱ ነው፤ ለጠበቃው አቅም ለሌለው የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ በነፃ ከሚያገለግሉ ጠበቆች ጋር የሚያገናኝበት ፕሮግራም አለው። አቅማችን ስላልፈቀደ ቀረ ከማለት በፊት እሱን መሞከር ያስፈልጋል።

ስለ ምስጢር አንድ ነገር ልበል። ሰዎቻችን "ይሰርቁኛል" እያሉ ሐሳባቸውን ይዘው ያረጃሉ፤ ወይም በተቃራኒው ማኅበር ላይ አውጥተው ለመቶ ሰው ያሳያሉ። ሁለቱም ይጎዳል። በአሜሪካ ሕግ ፈጣሪው ራሱ ለሕዝብ ካሳየበት ቀን ጀምሮ ማመልከቻ ለማስገባት የሚቆጠርለት 1 ዓመት ብቻ ነው። በአውሮፓ ያ 1 ዓመት እንኳን የለም፤ ከማመልከቻው በፊት በአደባባይ ከታየ አበቃ። ጀርመንና ስዊድን ያላችሁ ይህን ያዙልኝ። ተቀጥራችሁ የምትሠሩም የፈረማችሁትን የሥራ ውል አውጥታችሁ አንብቡ፤ አንዳንዱ ውል የፈጠራችሁትን ሁሉ ለቀጣሪው ይሰጣል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በራሳችሁ ሰዓትና በራሳችሁ ዕቃ የሠራችሁትን፣ ከቀጣሪው ሥራ ጋር እስካልተያያዘ ድረስ፣ ሕጉ ይጠብቅላችኋል። በየቦታው ግን እንዲህ አይደለም።

ውሉ ላይ ስትደርሱ አትቸኩሉ። ለቤት ዕቃ ሮያሊቲው ብዙ ጊዜ ከጅምላ ሽያጩ ከ3 እስከ 7 በመቶ ነው። የእትዬ ክዳን መደብር ላይ 40 ዶላር፣ በጅምላ 20 ዶላር ቢሸጥ 5 በመቶው 1 ዶላር ነው። በዓመት 3,000 ክዳን ከተሸጠ 3,000 ዶላር። ይህ ቤት አይገዛም፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ከመቆም ጥቂት ሌሊት ይቀንሳል። ከመቶኛው በላይ የምጨነቅበት ሌላ ነው፤ ኩባንያው ውሉን ፈርሞ ዕቃውን መደርደሪያ ላይ ቢያስተኛውስ? ለዚህ ነው በየዓመቱ ቢያንስ ይህን ያህል ትከፍላለህ፣ ካልሆነ ፈቃዱ ይመለስልኛል የሚል አንቀጽ የሚያስፈልገው። ሒሳቡን የመመርመር መብትም አብሮ ይጻፍ። ጆንሰን እንኳን ላራሚን የገዛው ሃስብሮ ከ2007 እስከ 2012 ያልከፈለውን ሮያሊቲ ያገኘው በግልግል ዳኝነት ተከራክሮ ነው፤ በ2013 የተወሰነለት 72.9 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ውሉ ባይጻፍ ኖሮ ምን ይዞ ይከራከር ነበር?

ወረቀት የሌለው ባለመሬት ምን እንደሚደርስበት እኛ በጤፍ አይተነዋል። የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን የሚመለከት ፓተንት አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በስሙ አስመዝግቦ በበርካታ የአውሮፓ አገሮች ይዞት ኖረ። የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 መጨረሻ ፓተንቱን በኔዘርላንድስ ውድቅ ሲያደርገው ደስ ብሎን ነበር። ግን ክርክሩ በሁለት የኔዘርላንድስ ኩባንያዎች መካከል ነበር፤ እኛ አልነበርንበትም። እናቶቻችን ስንት ዘመን ያቦኩትን እህል ጉዳይ ሌሎች ተከራክረው ጨረሱት። ከዚያ ወዲህ ወጥ ቤት ውስጥ የሚሠራ ማንኛውም ብልሃት ሳይጻፍ ሲቀር ይቆጨኛል።

አገር ቤት ያላችሁም ብትሆኑ በሩ ክፍት ነው። የኢትዮጵያ የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ፓተንትን ለ15 ዓመት ይጠብቃል፤ ፈጠራው አገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከታየ 5 ዓመት ይጨመራል። ከዚህ የሚበልጥብኝ ግን አዋጁ ለአነስተኛ ፈጠራ ለብቻው ቦታ መስጠቱ ነው፤ 5 ዓመት፣ ሲታደስ ሌላ 5። የተሻሻለ ምድጃ፣ የተሻለ የወፍጮ ወንፊት፣ የጋሪ ማቆሚያ እዚያ ይገባል። መርካቶ ቆርቆሮ ተራ ውስጥ በመዶሻ ድምፅ መሃል በየቀኑ የሚወለደው ብልሃት በማግሥቱ በጎረቤት ሱቅ ተቀድቶ ይሸጣል፤ የሠራው ሰው ስሙም አይነሣም። ልጆቹ ማመልከቻውን ቢሞሉለት የአባታቸው እጅ ሥራ በስሙ ይቀመጥ ነበር።

የእትዬን ማመልከቻ የሞላነው በጥር ነው፤ እኔ እየጻፍኩ እሳቸው እየነገሩኝ፣ ልጃቸው ቦዩን ከአራት አቅጣጫ እየሳለች። 65 ዶላሩን ከእንጀራው ገንዘብ ቆጥረው ሰጡኝ። ለሰባት ምጣድ አምራቾች አንዳንድ ገጽ ደብዳቤ ላክን። አራቱ መልስ አልሰጡም፣ ሁለቱ ከውጭ ሐሳብ አንቀበልም አሉ። አንዱ ናሙና ጠየቀ። ባለፈው ቅዳሜ ክዳኑን በፎጣ ጠቅልለን ካርቶን ውስጥ ከተትነው፤ እትዬ ካርቶኑ ከመታሸጉ በፊት አንድ እጥፍ እንጀራ በላስቲክ አድርገው ከላይ አስቀመጡበት።