የጎንደር ወላጆች፣ የበዓሉ ንዴት ልጆቹ ላይ አይውጣ

ወገኖቼ፣ ከገና እስከ ጥምቀት ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም። ታኅሣሥ 29 ገና፣ ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ በማግስቱ ቃና ዘገሊላ። በዚህች አጭር ጊዜ በትንንሽ ልጆቻችን ላይ የሚወርደው ጩኸት፣ ቁንጥጫና ጥፊ ግን የዓመት ይመስላል። ነውር ነው፤ ዝም ልንለው አይገባም።

የገናን ዋዜማ አስቡት። እናት ከጠዋት ጀምሮ ሽንኩርት ትከትፋለች። ዓይኗ ያነባል፣ ወገቧ ተቆርጧል። ዶሮው ገና አልተገነጠለም፣ የዳቦው ሊጥ ኩፍ ብሎ ሊፈስ ደርሷል። የሦስት ዓመቱ ልጅ ቀሚሷን ይጎትታል። ቀኑን ሙሉ «ዞር በል» ከማለት በቀር ያናገረው የለም። ሊጡ ውስጥ እጁን ሲከት ጥፊ ይቀምሳል። ልጁ ምን አጠፋ? የፈለገው እናቱን ነው። እሷም ጨካኝ ሆና አይደለም፣ ደክሟት ነው። አባትየውስ? በጉን ገዝቶ በባጃጅ ከላከ ቆይቷል። እሱ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጧል።

አባቶች፣ ተግሳጹ መጀመሪያ ለእናንተ ነው። በግ መግዛት ብቻውን አባወራ አያደርግም። በዋዜማው ቤት ዋሉ። ልጆቹን አጥቡ፣ አብሉ፣ ይዛችሁ ውጡና ኳስ አጫውቱ። ሽንኩርትም ላጡ። ወንድ ማድቤት ገባ ብሎ የሚስቅ ጎረቤት ካለ ይሳቅ።

እናቶችም ስሙኝ። መጋረጃው ካልተቀየረ ሞቼ እገኛለሁ፣ ከጎረቤት ያነሰ ጠላ ካቀረብኩ አፈርኩ እያላችሁ ራሳችሁን የምትጨርሱት ለማን ነው? «ምን ይሉኛል» ስንቱን ቤት ዕዳ ውስጥ ከተተው! በብድር የታረደ በግ በዓሉ ሲያልፍ ባልና ሚስት ያጣላል። ልጆች የተኙ ይመስላችኋል። አልተኙም፤ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫቸው ስበው እያንዳንዷን ቃል ይሰማሉ። አቅማችሁ አንድ ዶሮ ከሆነ አንድ ዶሮ ይበቃል። ድፎው ትንሽ ቢሆን ልጅ አይቀየምም።

እንግዳ መቀበል ኩራታችን ነው፣ አይቅር። ለጥምቀት ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም ዘመድ ይመጣል፣ አልጋ ይለቀቃል። ግን አልጋውን የሚለቀው ብዙ ጊዜ ልጁ ነው፤ የሚነገረውም የሚተኛበት ሰዓት ሲደርስ ነው። ቀደም ብላችሁ ንገሩት፣ የት እንደሚተኛም አሳዩት። የማያውቀውን ሰው ካልሳምክ ብላችሁ አታስገድዱት። እንግዶችም ብትሆኑ እግራችሁን ዘርግታችሁ ቡና አትጠብቁ፣ ተነሡና አግዙ። እናቲቱ ግማሽ ሰዓት ጋደም ብትል የቤቱ ሰላም ይመለሳል።

ደግሞ ከሰል! የጥር ሌሊት ብርድ እንደሆነ አውቃለሁ። የተቀጣጠለ ማንደጃ አስገብታችሁ በርና መስኮት ዘግታችሁ አትተኙ። ጭሱ ባይታይም ይገድላል። የሚንተከተክ ድስትም ልጅ በሚሯሯጥበት መሬት ላይ አይቀመጥ።

ወደ ጥምቀቱ ልምጣ። የፋሲለደስ መዋኛ ገንዳ የቀሃ ወንዝ ውኃ ገብቶበት ሲሞላ፣ ታቦታቱ ሲደርሱ፣ ማየት የማይፈልግ የለም። ልጆችም ይዩ። ነገር ግን ዩኔስኮ ጥምቀትን በቅርስነት በመዘገበበት በዚያው በ2012 ዓ.ም. እዚያው ፋሲለደስ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ አሥር ያህል ሰው ሞቷል። ይህን ረስተን ጨቅላ አዝለን ግፊያ ውስጥ መግባት ድፍረት ነው። ውኃው ከተባረከ በኋላ ወጣቱ ሲዘል ሕዝቡ እንዴት እንደሚገፋፋ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የታዘለ ሕፃን ወደ ውኃው ዳር አይጠጋ። ለትንንሾቹ የከተራ ዕለት ታቦቱ በሰፈር ሲያልፍ መንገድ ዳር ቆመው ማየት ይበቃቸዋል። እዚያ ዘፈኑም ጭብጨባውም አለ፣ ሲደክማቸውም ቤት ቅርብ ነው።

ከፍ ያለውን ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ አብሉት፣ ሹራብ ደርቡለት። ስልክ ቁጥራችሁን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኪሱ ውስጥ ክተቱ። ብትጠፋ ወደ ፖሊስ ወይም የደንብ ልብስ ወደለበሱት የሰንበት ተማሪዎች ሂድ በሉት። ከመውጣታችሁ በፊት ማን እንደሚይዘው ተስማሙ። «አንተ ጋር ያለ መስሎኝ» የሚባለው ልጅ ከጠፋ በኋላ ነው። ሲያለቅስ አትቆንጥጡት፣ ደክሞታል ማለት ነው። ታቦቱ እስኪገባ ካልቆየሁ የሚል ይቆይ፤ ከሁለት አንዳችሁ ግን ልጁን ይዛችሁ ቤት ግቡ።